ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር፦ የአንጎል አልትራሳውንድ በጽኑ ሕሙማን አልጋ ዳር

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጭንቅላቱ ተጎድቶ በማደንዘዣ መድኃኒት የተኛ፣ ቬንቲሌተር የሚያስተነፍሰው ሕመምተኛ ራሱን እንዳመመው አይናገርም። አንጎሉ ማበጡ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ የዓይኑ ብሌን ሲሰፋ ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ሲቲ ስካን ይነሳ ከተባለ፣ 30 ዲግሪ ቀና ብሎ የነበረው ራሱ ዝቅ ይላል፣ በኦክስጅን ሲሊንደር ኮሪደር ያቋርጣል። ይህ ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ስለዚህ አንጎሉ እዚያው አልጋው ዳር እንዲመረመር፣ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል አልትራሳውንድ ሲገዛ፣ ከ1 እስከ 5 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የልብ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ከጭንቅላት ዶፕለር ፕሮግራም (የደም ፍሰትን ፍጥነት ከሚለካው) ጋር በጨረታ ሰነዱ ላይ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ለእርግዝና ምርመራ የሚውለው ኮንቬክስ ፕሮብ ፊቱ ሰፊ ስለሆነ፣ ከጆሮ ፊት ባለችው ጠባብ የአጥንት መስኮት አይገባም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ብዙ ጄል ተቀብቶ ፕሮቡ ከጉንጭ አጥንት በላይ፣ በጆሮና በዓይን ጥግ መካከል ይቀመጣል። መጀመሪያ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው የአንጎል ግንድ ይፈለጋል፤ ከዚያ የደም ፍሰትን የሚያሳየው የዶፕለር ቀለም ሲከፈት መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ከ4.5 እስከ 6.5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ፕሮቡ ሲመጣ ይታያል። በአንድ የልብ ምት ውስጥ የላይኛው የደም ፍጥነት በሰከንድ 90 ሴንቲሜትር፣ የታችኛው 18፣ አማካዩ 42 ቢሆን፣ 90 ሲቀነስ 18 ለ42 ሲካፈል 1.7 ይመጣል። ይህ ቁጥር ደም ወደ አንጎል ሲገባ የሚገጥመውን ተቃውሞ ይጠቁማል፤ ጤነኛ ሰው ላይ 1 አካባቢ ነው። ከ1.4 ሲያልፍና የታችኛው ፍጥነት ከ20 ሲወርድ ሐኪም ወዲያው መጠራት አለበት።

ግን ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። የደም ግፊት ሲወርድም፣ ቬንቲሌተሩ አብዝቶ አስተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲቀንስም ውጤቱ ይኸው ነው። የደም ማነስ ደግሞ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። በመሆኑም የደም ግፊቱና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን አብሮ ያልተመዘገበበት ውጤት ዋጋ እንዳይሰጠው፣ ቅጹም ይህን የሚያስገድድ እንዲሆን አጥብቀን እናሳስባለን። ከአሥር ሰው በአንዱ ላይ ወይም ከዚያ በላይ አጥንቱ ድምፁን አያሳልፍም፤ ያኔ «አልታየም» ይጻፍ እንጂ «ደህና ነው» አይባል።

የአንጎል መሐል መስመር ከቀኝ 7.4፣ ከግራ 6.4 ሴንቲሜትር ከተለካ፣ ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል 5 ሚሊሜትር መዛባት ነው፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይጠራል። በጭንቅላት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር የሚሰፋው የዓይን ነርቭ ሽፋንም ከዓይን ኳስ ጀርባ 3 ሚሊሜትር ላይ ይለካል፤ ይህ ግን በሊኒየር (ፊቱ ቀጥ ባለ) ፕሮብ፣ ኃይሉን በዓይን ፕሮግራም ዝቅ አድርጎ፣ በተከደነ የዓይን ቆብ ላይ ሳይጫኑ ነው። የዓይን ኳሱ ከተቀደደ ጨርሶ አይነካም።

ሥልጠናው ለሐኪምም ለነርስም ይሰጥ፤ ሌሊት አልጋው ዳር የሚገኙት ነርሶች ናቸውና። ሠልጣኙ ውጤቱን ከሲቲ ስካን ጋር እያመሳከረ እስኪተማመን ድረስ ብቻውን እንዳይወስን የሚል መመሪያም ከማሽኑ ጋር ይላክ።

ከአክብሮት ጋር
በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንሠራ ሐኪሞችና ነርሶች