ስለ ጉልበትህ ሰምቼ የጻፍኩልህ ደብዳቤ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመካከላችን የፖቶማክ ወንዝና አንድ ድልድይ ብቻ እያለ ይህን ያህል ጊዜ ድምፅ ለድምፅ ሳንሰማማ መቆየታችን ለሰው ቢነገር አይታመንም። አንተ ሌሊት እኔ ቀን፣ አንተ ቅዳሜ እኔ እሑድ ስንሠራ ሳናስበው ተጠፋፋን። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ለወቀሳ አይደለም። ባለፈው እሑድ ክርስትና ቤት ያገኘኋት ባለቤትህ፣ ቨርጂኒያ ባለው መጋዘን ከጭነት መኪና ካርቶን ይዘህ ስትወርድ ጉልበትህ እንደተጠመዘዘ፣ ማታ ማታ በረዶ እያደረግህበት ጠዋት የሕመም ማስታገሻ ውጠህ ወደ ሥራ እንደምትሄድ፣ ለአለቃህም ትንፍሽ እንዳላልክ ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጣት፤ አጥብቄ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ነገሩ ከደረሰ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሆነውም ስለነገረችኝ፣ በስልክ «አይዞህ» ብሎ ማለፍ አይበቃም ብዬ ይህን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጻፍኩልህ።

እኔም ባለፈው ዓመት በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። አርሊንግተን ውስጥ በምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት፣ ከሠርግ ግብዣ የተመለሱ ሳህኖች የተደረደሩበትን ትልቅ ትሪ ተሸክሜ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ማሽን ስዞር፣ ወለሉ ላይ ሳሙናና የሥጋ ቅባት የተቀላቀለበት ውኃ ፈስሶ ነበር፤ ሁልጊዜ ተነጥፎ የሚውለው የጎማ ምንጣፍም ለጽዳት ተብሎ እስከ ግማሹ ተጠቅልሏል። ግራ እግሬ ሲንሸራተት ቀኙ የተጠቀለለው ጎማ ጠርዝ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ትሪውን ላለመጣል ስታገል ክብደቱ ሁሉ በተጠመዘዘው ጉልበቴ ላይ አረፈ። አንድም ሳህን አልተሰበረም። የተቀደደው በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ልም አጥንት መሆኑ የታወቀው በኋላ በኤምአርአይ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ሮጦ መጥቶ ደህና መሆኔን ሲጠይቀኝ፣ በእኛ ወግ የሚሰጠው መልስ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። «ምንም አይደል» ማለት በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በአደጋ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ግን ሠራተኛው አልተጎዳሁም ብሏል ተብሎ ይነበባል። እኔን ከዚህ ያዳኑኝ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናት ናቸው። ተመሳሳይ ጉዳት በእሳቸውም ትከሻ ላይ ደርሶ ስለነበር፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ዛሬ ሳታስጽፍ ከዚህ በር እንዳትወጣ» አሉኝ። እኔም አስጻፍኩ፤ የጻፉትንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

አንተ ሜሪላንድ ብትኖርም አደጋው የደረሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ስለሆነ፣ የምነግርህ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የወጣውን የቨርጂኒያን የሠራተኞች ካሣ ሕግ ነው። ሕጉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 የወጣ ሲሆን፣ በአሠሪውና በሠራተኛው መካከል የተደረገ ውል አድርገህ ልታየው ትችላለህ። ሠራተኛው አሠሪውን በቸልተኝነት የመክሰስ መብቱን ይተዋል፤ በምትኩ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ሳይጠበቅበት ሕክምናውንና የደመወዙን ከፊል ያገኛል። ለሥቃይና ለመንገላታት የሚከፈል ነገር የለም። ስለዚህ «አለቃዬን የከሰስኩ ይመስልብኛል» የሚለው ይሉኝታህ ቦታው አይደለም፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሁሉ ለዚሁ ጉዳይ ኢንሹራንስ እንዲገባ ግዴታ አለበት። ካሣ ጠየቅህ ተብሎ በዚያ ምክንያት ብቻ ማባረርም በሕግ የተከለከለ ነው። እርግጥ ነው፣ የሚያባርር ሰው ሌላ ሰበብ አያጣም፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ቢሆንም ዝም ማለትም ከመባረር አያድንም፤ ጉልበትህ ጨርሶ ሲከዳህ ካርቶኑን ማን ሊያነሳልህ ነው?

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። አደጋው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪህ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ። ሦስት ሳምንት አልፎታል ካልን የቀረህ ጥቂት ቀን ነው። የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ምን ስትሠራ፣ የትኛው የሰውነትህ ክፍል እንደተጎዳ አራት መስመር ጽፈህ ስጥ፤ አንዱን ቅጂ ለራስህ አስቀር። በኤጀንሲ በኩል ተቀጥረህ እንደሆነ ለኤጀንሲውም ለመጋዘኑም ስጥ።

«እንዴት እንደተጎዳህ» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የቨርጂኒያ ሕግ በዚህ ረገድ ጠጣር ነው። ጉዳቱ በታወቀ ጊዜና ቦታ በድንገት የደረሰ መሆን አለበት፤ በሥራ ብዛት ቀስ በቀስ ያለቀ ጉልበት አይካስም። በተጨማሪም ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው ከሥራው ጋር የተያያዘ አደገኛ ነገር መሆን አለበት። በእኛው ሆቴል በእንግዳ መቀበያው በኩል የሚሠራ አንድ ባልደረባችን ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ «ቋ» አለበት። እጁ ባዶ ነበር፣ ደረጃው ደረቅ ነበር፣ መብራቱም ደህና ነበር። ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ፤ ጥያቄውም ውድቅ ሆነ፣ ምክንያቱም ደረጃ መውጣት ማንም ሰው በየትኛውም ቦታ የሚያደርገው ነገር ነው ተባለ። ደረጃው የተሰበረ ወይም ከወትሮው የከፋ ቢሆን፣ ወይም እሱ የከበደ ዕቃ ተሸክሞ ዓይኑ ተከልሎ ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። በሁለታችን ጉልበት ውስጥ የተቀደደው ነገር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ እኔ ስካስ እሱ ባዶ እጁን መቅረቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ሕጉም በዚህ በኩል ፍርደ ገምድል ይመስለኛል።

ይህን የምነግርህ ያልነበረ አደጋ እንድትፈጥር አይደለም፤ የነበረውን ሳታሳንስ እንድትናገር ነው። ባለቤትህ እንደነገረችኝ ካርቶን ይዘህ ነበር፣ የምትወርድበትም ከፍታ ነበረው። ታዲያ ካርቶኑ ምን ያህል ይከብድ ነበር? እግርህን ያሳረፍክበትን ታይ ነበር ወይስ ካርቶኑ ከልሎህ ነበር? መወጣጫው እርጥብ ነበር ወይስ ይነቃነቅ ነበር? እኛ ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ሰነበተብኝ» ብለን እናሳጥረዋለን፤ ነርሷም የሰማችውን ትጽፋለች፤ ከወራት በኋላ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ያንን ወረቀት ይዞ «ራሱ ሰነበተብኝ ብሏል፣ አደጋ የሚባል ነገር የለም» ይላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትሄድ ልጅህን አስተርጓሚ አታድርገው፤ ባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቅ። ከአሠሪህ ኢንሹራንስ ደውለው ድምፅህን እንቅዳ ሲሉህም ተረጋግተህ መልስ። እኔን አዲስ አበባ ኳስ እጫወት እንደነበር፣ በጾም ስግደት እሰግድ እንደሆነ ሳይቀር ጠይቀውኛል፤ ድሮ የተጎዳ ጉልበት ነው ለማለት ነው። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ቀድሞ ድክመት የነበረበት ጉልበት እንኳ በሥራ ላይ አደጋ ከባሰበት ይካሳልና አትፍራ።

ሐኪምን በተመለከተ፣ አሠሪህ ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ስም ዝርዝር ሊሰጥህ ይገባል፤ ከእነሱ አንዱን ትመርጣለህ። ዝርዝር ካልሰጡህ የራስህን ሐኪም መምረጥ ትችላለህ። አንዴ ከመረጥክ በኋላ ያለ ፈቃድ መቀየር ስለማይቻል፣ ዝም ብለህ በመጀመሪያው ስም ላይ ምልክት አታድርግ፤ ከሦስቱ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሐኪም የሆነው ማን እንደሆነ አጣራ። ለሕክምና የምትመላለስበት የመኪና ጉዞም ስለሚከፈል ርቀቱን እየመዘገብክ ያዝ። ኢንሹራንሱ ጉዳይህን የምትከታተል ነርስ ሊልክብህ ይችላል፤ ሐኪሙ ሲመረምርህ ክፍሉ ውስጥ እንዳትገባ ማለት መብትህ ነው።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ሐኪም ሥራ ከከለከለህ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓመት ታገኝ ከነበረው አማካይ የሳምንት ደመወዝ፣ ኦቨርታይሙ ተጨምሮ፣ ሁለት ሦስተኛው ይከፈልሃል፤ ግብር አይቆረጥበትም። የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት አይከፈሉም፤ ከሥራ የቀረህበት ጊዜ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን እነሱም ይከፈላሉ። እንደ እኛ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው የሚጎዳው ነገር፣ ሁለተኛው ሥራ ከተጎዳህበት ሥራ ጋር ካልተመሳሰለ ደመወዙ አብሮ አለመደመሩ ነው። መጋዘኑ ይቆጠርልሃል፣ የታክሲው አይቆጠርልህም።

አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ሁሉ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርህ። ኢንሹራንሱ የሐኪም ሂሳብህን መክፈል ጀመረ፣ ቼክም በየሳምንቱ ይመጣል እንበል። ብዙ ወገኖቻችን እዚህ ላይ «ተሳካ» ብለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን ኢንሹራንሱ በራሱ ፈቃድ ሲከፍልህ መብትህ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ በፈለገ ቀን ሊያቆመው ይችላል። መብትህ የሚረጋገጠው የቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን አዋርድ ኦርደር የሚባለውን የካሣ ትእዛዝ ሲሰጥህ ነው። ለዚህ ደግሞ አደጋው በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ የአቤቱታ ቅጹን ራስህ ለኮሚሽኑ ማስገባት አለብህ። አሠሪህ ወይም ኢንሹራንሱ ለኮሚሽኑ የላከው የአደጋ ሪፖርት የአንተን አቤቱታ አይተካም። ሁለት ዓመቱ ቼኩ እየመጣ ሳለ ሊያልቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበትህ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ሰሚ የለህም። ትእዛዙ በእጅህ ካለ ግን ለዚያ ጉልበት አስፈላጊ የሆነው ሕክምና ዕድሜ ልክህን ይሸፈናል፣ ክፍያውንም ለማቋረጥ እነሱ ናቸው ወደ ኮሚሽኑ የሚሄዱት። እኔ ቅጹን ያስገባሁት የመጀመሪያው ቼክ ከመምጣቱ በፊት ነው። የኢንሹራንሷ ሴትዮ በትሕትና «ይህ እኮ አያስፈልግም ነበር፣ እየከፈልንህ ነው» አለችኝ፤ እኔም በትሕትና አመሰገንኳት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ቀላል ሥራ እንድሠራ ሲፈቅድ፣ ሆቴሉ ቁጭ ብዬ ሹካና ቢላዋ በናፕኪን እንድጠቀልል መደበኝ። የተሰጠህን ተስማሚ ቀላል ሥራ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካልክ ክፍያህ ይቆማል፤ ስለዚህ ቢሰለችህም ግባ። ሰዓቴን ስለቀነሱብኝም በቀድሞውና በአዲሱ ደመወዜ መካከል ካለው ልዩነት ሁለት ሦስተኛውን ከፈሉኝ። በዚያ ሰሞን የእህቴ ልጅ ሠርግ ደረሰ። ኢንሹራንሶች ተጎዳሁ ያለን ሰው ተደብቀው በቪዲዮ እንደሚቀርጹ ስለሰማሁ ከወንበሬ ሳልነሳ አመሸሁ፤ እስክስታ በትከሻ እንጂ በጉልበት አይወረድም ብዬ ለዳኛ ሳስረዳ መገኘት አልፈለግሁም።

ጉልበቱ ከዚህ በላይ አይሻሻልም ሲባል ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ይሰጣል። ሕጉ ለአንድ እግር የመደበው 175 ሳምንት ነው፤ ለእኔ 10 በመቶ ስለተጻፈልኝ የ17 ሳምንት ተኩል ክፍያ ተሰጠኝ። ወደ ሥራ ተመልሰህም ቢሆን ይህ ይገባሃል፤ ሳትጠይቅ ግን ማንም አያስታውስህም።

ጥያቄህን ውድቅ ካደረጉብህ ጉዳይህ በዳኛ ፊት ይሰማል፤ በዚያ ደረጃ ጠበቃ ያዝ። ጠበቃው በቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቅህም፤ የሚከፈለውንም የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው። መጀመሪያ ገንዘብ አምጣ የሚልህ ሰው ካለ ጥለኸው ውጣ።

ማክሰኞ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ቅጹን አብረን እንሞላለን፤ የደመወዝ ወረቀቶችህንና ሐኪም ቤት የሰጡህን ሁሉ ይዘህ ና። ለአለቃህ የምትሰጠውን ጽሑፍ ግን እስከ ማክሰኞ አታቆየው፤ ይህ ደብዳቤ እጅህ በገባበት ቀን ፈረቃህ ሲጀምር ስጠው። ለባለቤትህና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወንድምህ