የቅርፃ ቅርፅ ክበብ፦ ፊት ከእንጨት ስናወጣ የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ከረመ፤ የምናውቀውን ሰው ፊት ከእንጨት ማውጣት። ቀደም ሲል የምንቀርጸው እንስሳት ነበር። አንበሳ ትንሽ ቢወላገድ ማንም አይታዘብም። የሰው ፊት ግን አይምርም። አንዱ ቅንድብ ትንሽ ከፍ ካለ፣ ባለቤቱን የሚያውቅ ሁሉ «ይሄማ እሱ አይደለም» ይላል።

አንደኛው መንፈቅ ዓመት ያለቀው በጭቃ ነው። ተማሪዎቹ መሮ መቼ እንይዛለን እያሉ አጉረመረሙ። ጭቃ ግን የቆረጡትን መልሰው ይለጥፉበታል፤ እንጨት ይህን ዕድል አይሰጥም። ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሃል ላይ መሆኑን የተማሩትም ያኔ ነው። ሁሉም ከፍ አድርገው ግንባር ላይ ይሰቅሉት ነበር። አላምን ያለ አንዱ የጓደኛውን ጭንቅላት በማስመሪያ ለክቶ ነው ዝም ያለው።

ቀጥሎ የፎቶ ጣጣ መጣ። ብዙዎቹ ሰልፊ ይዘው ቀረቡ። ስልክ ከቅርብ ሲያነሳ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። ስለዚህ ራቅ ብለን፣ ካሜራውን በዓይን ልክ ይዘን፣ ከፊትና ከጎን እንደገና አነሳን።

እንጨቱ ለስላሳ፣ ጉጥ የሌለበትና በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። የግንዱ እምብርት ያለበትን አንጠቀምም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ጉንጭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የቀረጽነው አራት ማዕዘን ጉማጅ ላይ ነው። አፍንጫውን የምናወጣው ከማዕዘኑ ስለሆነ ጉንጮቹ ግራና ቀኝ በራሳቸው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። በጠፍጣፋው ገጽ የጀመሩት ሁለት ልጆች ግን ሳንቲም ላይ እንዳለ ምስል ጠፍጣፋ ፊት ወጣላቸው።

ዓመቱን ሙሉ ስጨቃጨቅ የከረምኩት ስለ ዓይን ነው። ሁሉም ሽፋሽፍትና ሽብሽብ ለመቅረጽ ይቸኩላል። መልክ ያለው ግን አጥንቱ ላይ ነው፤ በግንባር፣ በጉንጭ አጥንትና በመንጋጋ። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ እየቀረጸ ነበር። ዓይኑ ገና ሁለት ጎድጓዳ ብቻ ነው። በመስኮት ያለፈች ልጅ ቆም አለችና «እንዴ፣ ጋሼ አይደሉም?» አለች። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ ቀነሰልኝ።

እንዲህ ያለ ነገር በግብፅም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1860 የአርኪዮሎጂስቱ የማሪዬት ቆፋሪዎች ሳቃራ ላይ ከሾላ እንጨት የተሠራ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ሐውልት አገኙ። ካአፐር የተባለ ሹም ነው፤ ዕድሜው ከ4,400 ዓመት ይበልጣል። ሠራተኞቹ የራሳቸውን መንደር ሹም ስለመሰላቸው «ሼክ ኤል በለድ» አሉት። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ዓይኖቹ በመዳብ የተከበበ የድንጋይ ክሪስታል ናቸው። ጃፓናዊው ቀራፂ ኡንኬይም እ.ኤ.አ. በ1212 ገደማ የሁለት መነኮሳትን ምስል ሲሠራ ክሪስታል ዓይን ተጠቅሟል። ሰዎቹ ከእሱ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው የኖሩ ሕንዳውያን ናቸው። አላያቸውም፤ ግን ፊታቸው ጎረቤቱን የቀረጸ ነው የሚመስለው።

እኛ ክሪስታል የለንም። ብሌኑን በትንሽ ጎድጓዳ መሮ ቆፈር እናደርገዋለን። ጥላው ጠቆር ሲል ምስሉ ያያል።

አደጋን በተመለከተ፣ ጣት የሚቆርጠው የደነዘ መሮ ነው። ኃይል ሲጨምሩበት ያመልጣል። ስለዚህ ቅድሚያ መሳል፣ እንጨቱን በሞርሳ ማሰር፣ እጅን ከስለቱ ፊት አለማድረግ። ከጥቂት ፕላስተር በላይ አላስፈለገንም። ከእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ጋር ተጣልታ የቀረጸችውን የአያቷን ምስል ጆሮ የነቀለችው ተማሪ ግን በሙጫ መልሳዋለች፤ ቀርቦ ላላየ አያስታውቅም።

ብርጭቆ ወረቀት የምንጠቀመው በቁጠባ ነው። ብዙ ከታሸ የአጥንቱ ጠርዝ ሁሉ ይሟሟና ፊቱ ሳሙና ይመስላል። እኔ የመሮው ምልክት ቢቀር እመርጣለሁ፤ ተማሪዎቹ ግማሾቹ አይስማሙም።

ያልተጨረሱት ሥራዎች ክረምቱን በክበቡ ክፍል ይቆያሉ፤ ፀጉር የቀራቸው ብዙ ናቸው። በመስከረም መመዝገብ የምትፈልጉ የምትቀርጹትን ሰው ፈቃድ ጠይቁ፤ ከፊትና ከጎን የተነሳ ፎቶም ይዛችሁ ኑ። ሰልፊ አንቀበልም።