ሳይቱ ሲያልቅ ማኅበሩስ?

ሰላም ወዳጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ያ ሁሉ ጊዜ ድምፅሽ ጠፍቶ ድንገት መልእክትሽን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ሳቅሁ። እኔም ጠፍቼ ነበር፣ ስለዚህ ተቻችለን እንለፈው። ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ነው ደረጃ መውጣት ያስጠላው። የቀረውን ወሬ በስልክ እናወራለን፣ አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

የምሠራበት የግንባታ ሳይት ላይ የሠራተኛ ማኅበር ልናቋቁም ነው፣ ምሪን እያሉኝ ነው፣ ልግባ ይሆን? ነው ያልሽኝ። ግቢ። ግን እንደ ፋብሪካ ማኅበር አታስቢው። ፋብሪካ ነገም እዚያው ነው፤ የኛ ሥራ ደግሞ በቶሎና በደንብ በሠራነው መጠን ቶሎ የሚያባርረን ሥራ ነው። መሠረት የሚቆፍረው ሌላ፣ ፌሮ፣ የኮንክሪቱን ብረት፣ የሚያስረው ሌላ፣ ለልስን የሚመጣው ሌላ። ማኅበሩን በዚያ ሳይት ላይ ብቻ ካቆማችሁት ቀለም ቀቢው ሲገባ መሥራቾቹ ተበትነዋል። ስለዚህ አባልነቱ ከሰውየው ጋር የሚዞር ይሁን። ሳይት ቢቀይርም፣ ለጥቂት ወራት ሥራ ቢያጣም አባል ነው። መዋጮውንም ሥራ ሲኖር ብቻ ይክፈል፣ ሥራ የፈታን ሰው ስላልከፈልክ ውጣ ማለት ነውር ነው። አንቺ ያለሽበት አገር ሕግ እንዲህ ከድርጅት ውጪ በዘርፍ መደራጀትን ይፈቅድ እንደሆነ ግን ከሁሉ በፊት አጣሩ፤ አንዳንድ ቦታ ሕጉ የሚያውቀው የአንድ ድርጅት ማኅበርን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ አሠሪው ማነው የሚለው ነው። ዋናው ኮንትራክተር ሥራውን ከፍሎ ለሰብ ኮንትራክተር፣ ከሱ ሥር ለሚሠራ ተቋራጭ፣ ይሰጣል፣ እሱም ለሌላ ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ደብተር ይዞ ጠዋት ጠዋት ስም የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ይቀራል። ክፍያ ሲዘገይ እሱን ብትይዙት "እኔንም አልከፈሉኝም" ይላችኋል፣ አንዳንዴ ደግሞ እውነቱን ነው። ከሱ ጋር ስትጨቃጨቁ መዋል ዋጋ የለውም። ወደ ላይ ውጡ። ገንዘቡም ውሳኔውም ያለው እዚያ ነው።

ላይኛውን በምን ትይዙታላችሁ? እኔ በደኅንነት ጀምሩ እላለሁ። ደመወዝ ሳይጨመር ስለ ሄልሜት ይወራል ወይ የሚልሽ አይጠፋም። ግን አስቢው፤ ደመወዝ ላይ ግንበኛው፣ አናጺውና ቀን ሠራተኛው ሂሳባቸው የተለያየ ነው፣ ቶሎ ይከፋፈላሉ። እስካፎልዲንጉ፣ ከፍታ ላይ ቆመን የምንሠራበት መወጣጫ፣ ግን የሁሉም ነው፣ ከተናደ ባለሙያና ረዳት ብሎ አይለይም። ሕጉም እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው የግንባታ ደኅንነትና ጤና ስምምነት፣ ቁጥር 167፣ ብዙ አሠሪ በአንድ ሳይት ላይ ሲሠራ የደኅንነቱን ሥራ የማቀናጀት ኃላፊነት በዋናው ኮንትራክተር ላይ ይጥላል። መከላከያ ዕቃ ለሠራተኛው በነፃ ይሰጥ ይላል፤ ስለዚህ የቦት ጫማውን ዋጋ ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ ቆረጡብን ያልሽኝ ነገር ጥሩ መነሻ ነው። የሚጠጣ ውኃ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃም አለበት። ይህን የመጨረሻውን ወንዶቹ እንደ ትንሽ ነገር ሲያልፉት እንዳትለቂያቸው። አገሩ ስምምነቱን ባይቀበለው እንኳ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለመከራከር ይጠቅማል።

እዚያው ውስጥ አንድ ወርቅ የሆነ ነገር አለ፦ ሠራተኛው ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ቅርብና ከባድ አደጋ አለ ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ካለው፣ ወዲያው ለአለቃው አሳውቆ ከቦታው መራቅ ይችላል። ይህ መብት አንድ ሳይት ላይ ሲሠራ አይቻለሁ። የእስካፎልዲንጉ ጣውላ ግማሹ ተነስቶ ለካሳፎርማ፣ ኮንክሪት ለሚፈስበት ቅርጽ፣ ውሏል፣ እኛም በብረቱ ላይ እንደ ድመት ነበር የምንሄደው። በየቀኑ ስንናገር መልሱ ጣውላ የለም ነው። የሶሌታው፣ የወለሉ ኮንክሪት፣ ሙሌት ቀን ሲደርስ ማንም አልወጣም። ሳንሳደብ፣ ሳንጮህ፣ ለፎርማኑ ምክንያቱን ነግረን ታች ቆምን። የኮንክሪቱ መኪና ሆዱን እያዞረ በር ላይ ቆሟል፣ ኮንክሪት ደግሞ ይደርቃል እንጂ አይጠብቅም። የለም የተባለው ጣውላ ከሌላኛው ብሎክ ተጭኖ መጣ! ግን ይህን መብት ለእውነተኛ አደጋ ብቻ ተጠቀሙበት። አድማ ሌላ ነው፣ የራሱ ሥርዓትና ማስጠንቀቂያ አለው። ለደመወዝ ጥያቄ "አደጋ አለ" ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀን ግድግዳ ቢያዘነብልም የሚያምናችሁ የለም።

ጊዜ መምረጥ አዲስ ነገር አይደለም። የአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ድንጋይ ጠራቢዎች እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1856 ከዩኒቨርሲቲው ግንባታ ላይ ሥራ ጥለው ወደ ፓርላማው ሲሰለፉ፣ በቀን የ8 ሰዓት ሥራን ደመወዝ ሳይቀነስ አግኝተዋል። ጀግኖች ነበሩ፣ ግን ወርቅ ፍለጋው አገሩን ባለሙያ አሳጥቶት እንደነበርም አትርሺ። ደግሞ ድሉ ለሁሉም ሠራተኛ ወዲያው አልደረሰም። የኛም በሽታ ይኸው ነው፤ ባለሙያው ረዳቱን ስብሰባ ላይ እንኳ ሻይ አምጣ ይለዋል። ኮሚቴው ውስጥ አሸዋ የምታመላልሰዋ ሴት ከሌለች ማኅበር ሳይሆን የግንበኞች ዕድር ነው ያቋቋማችሁት።

አሁን የሚያስፈራሽን ልንገርሽ፣ ብደብቅሽ ደስ አይለኝም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገ ፍተሻ ከ3,200 በላይ ሰዎች የሰፈሩበት የሚስጥር መዝገብ ተገኘ። ከ40 በላይ የግንባታ ድርጅቶች ሰው ከመቅጠራቸው በፊት ስሙን እዚያ ያስፈትሹ ነበር። ብዙዎቹ የተመዘገቡት በማኅበር ስለተንቀሳቀሱ ወይም የደኅንነት ጉድለት ስለተናገሩ ነው። ሥራ ለምን እንደሚከለከሉ ሳያውቁ ዓመታት ያለፏቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ድርጅቶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፣ ካሳም ከፈሉ፣ ከዚያ በፊት ግን የስንቱ ቤት ፈርሷል። በማኅበር አባልነት ምክንያት መባረርንም ሆነ ሥራ መከልከልን የዚያው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1949 ስምምነት፣ ቁጥር 98፣ ይቃወማል፣ ሆኖም ወረቀት ፎርማኑን ጠዋት በር ላይ አያስቆመውም።

ስለዚህ ብቻሽን ፊት አትሁኚ። ከአለቃ ጋር ስትነጋገሪ ሁሌም ሁለት ሦስት ሆናችሁ ግቡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ። የአባላቱ ዝርዝር ሳይት ቢሮ አይደር፣ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም አትለጥፉት፤ ሰላይ አይጠፋም። የቀን ሥራችሁን፣ ሰዓቱንና የተከፈላችሁን ደግሞ እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፣ ክርክር ሲመጣ የሰውዬው ደብተር ብቻ ማስረጃ እንዳይሆን።

መተዳደሪያ ደንቡን ስታረቅቁ ከመፈረማችሁ በፊት ላኪልኝ። በተለይ የአባልነቱንና የመዋጮውን አንቀጽ ማየት እፈልጋለሁ። ማታ ማታ ነፃ ነኝ፣ ደውይ።