ወንበር ስበሽ ተቀመጪ

የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሁድ በስልክ ያልሽኝ ግን ከልቤ አልወጣ ብሏል። ከአዲስ አበባ መጥተሽ ሊዮን ከገባሽ ጀምሮ እራትሽ ቆመሽ የምትበዪው ዳቦ ነው፤ ምግብ ቤት ብቻዬን መግባት ያሳፍረኛል ብለሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልኩ አሳደግኩሽ። እኔም ፓሪስ ስድስት ዓመት ስኖር ብቻዬን ምግብ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ገባሁ። ዓርብ ጾም ነው ብዬ ነው ሐሙስን የመረጥኩት። 11ኛው ወረዳ፣ ከሥራ ስወጣ የማልፍበት ቢስትሮ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ምግብ ቤት አለ፤ ጠረጴዛው ጨርቅ የለው፣ የምግቡ ዝርዝር በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በፈረንጆቹ 1992 ኢቭ ካምደቦርድ የሚባል ሼፍ ክሪዮን ከሚሉት ታላቅ ሆቴል ወጥቶ ላ ሬጋላድ የሚባለውን የራሱን ቢስትሮ ሲከፍት፣ የሆቴሉን ሙያ በሰፈር ቤት ዋጋ አቀረበ፤ ዛሬ ብዙ ቢስትሮዎች የእሱን መንገድ ይከተላሉ።

አስተናጋጁ «ስንት ናችሁ?» ሲለኝ «አንድ» ማለት አቅቶኝ ጣቴን አነሳሁ። ምንም ሳይመስለው ባንኮኒው ጋ አስቀመጠኝ። አንቺም ባንኮኒ ጠይቂ፤ ወጥ ቤቱን እያየሽ ትበያለሽ፣ ፊት ለፊትሽ ባዶ ወንበር የለም።

መጀመሪያ ባሮ ሽንኩርት መጣ፣ ተቀቅሎ ቀዝቅዞ፣ ሰናፍጭና ኮምጣጤ ፈሶበት። ቀጥሎ በቀይ ወይን የበሰለ የበሬ ጉንጭ፣ ሹካ ሲነካው የሚፈርስ። ከማዘዜ በፊት የአሳማ ሥጋ እንደሌለበት ጠየቅሁ። አንቺም ሳትጠይቂ እንዳታዢ፤ ላርዶን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ ወጥ ውስጥ ጣል ያደርጉታል። እዚያ ሊዮን ቡሾን የሚባሉት የከተማው ባህላዊ ምግብ ቤቶችማ አሳማ ይበዛባቸዋል፣ እነሱን ተያቸው።

ሥጋው አለቀና መረቁ ሳህኑ ላይ ቀረ። አሳዘነኝ። ዞር ስል አንድ ሽማግሌ፣ እሳቸውም ብቻቸውን፣ ዳቦ ቆርሰው ሳህናቸውን ጥርግ አድርገው ጎረሱ። እኔም ቆረስኩ። አያትሽ ድስቱን በእንጀራ ጠርጋ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለእኔ ታስቀር ነበር። ያቺ ጉርሻ ትዝ አለችኝ፤ እንባዬ መጣ፣ ደስም አለኝ። ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥኩ፣ ስልኬ ከቦርሳዬ አልወጣም።

ስትገቢ መጀመሪያ «ቦንዡር» በዪ። ማታ ከሆነ «ቦንሷር»። ውሃ «ካራፍ ዶ» ብለሽ የቧንቧውን ካዘዝሽ በነጻ ነው፣ ዳቦውም። የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ የአስተናጋጁ ጉርሻ አያስጨንቅሽ። ሒሳቡን ካልጠየቅሽ አያመጡልሽም፤ ቀስ ብለሽ ብዪ።

35 ዩሮ ልኬልሻለሁ። ለመጽሐፍ እንዳታውዪው፣ የመጽሐፉን ለብቻ እልካለሁ። የፊታችን ሐሙስ ማታ ሂጂና ስትወጪ ደውዪልኝ፤ ቢመሽም አልተኛም። የበላሽውን አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።

እናትሽ