የመሬት ሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከእርሱ በኋላ ወይስ በእርሱ ምክንያት?

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ርዕስ ላይ ቆየ። አምና ከእሳተ ገሞራ ወደ ማዕድን፣ ከማዕድን ወደ ቅሪተ አካል ስንዘል ከርመን ሁሉንም ነካክተን ተለያይተን ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ስብሰባ አባላቱ አንድ ነገር እንዲመርጡ ጠየቅሁ። ሃያ ስድስቱ ተማሪዎች ድምፅ ሰጥተው የመረጡት የሰው ልጅ በሥራው የሚቀሰቅሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ሐሳቡን ያነሣችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጥያቄዋም አጭር ነበር። «ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከዚያ መሬት ተንቀጠቀጠ። ከእርሱ በኋላ መጣ ማለት በእርሱ ምክንያት መጣ ማለት ነው?» ጥያቄውን በሰፊ ወረቀት ጽፈን በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ይህን ዘገባ በምጽፍበት ጊዜም ከቦታው አልተነሣም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት አሠራሩን ማወቅ ነበረብን። አብዛኞቹ አባላት ሰው መሬትን በራሱ ጉልበት ይነቀንቃል ብለው አስበው ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ጉልበቱ በአብዛኛው ቀድሞውኑ በድንጋዩ ውስጥ የተጠራቀመ ውጥረት ነው። ከምድር ሥር ያለ አሮጌ ስንጥቅ ሁለቱ ፊቶቹ ተጫጭነው፣ በሰበቃ ተያይዘው ለብዙ ሺህ ዓመታት ጸጥ ብለው ሊኖሩ ይችላሉ። ውኃ በግፊት ሲገባበት ግን ስንጥቁን የሚጫነውን ኃይል ከፊሉን ውኃው ይሸከማል፤ ሰበቃው ይላላል፤ ስንጥቁም ሊንሸራተት ይችላል። ተማሪዎቹ ውኃውን እንደ ማለስለሻ ዘይት ይቆጥሩት ነበር። ይህን አስተሳሰብ በቃል ለማረም ሁለት ስብሰባ ደከምሁ፤ በመጨረሻ ያረመልኝ ባዶ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ነው።

ሙከራው የእኛ ፈጠራ አይደለም። ኪንግ ሀበርትና ዊልያም ሩቢ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ምድር ሊቃውንት በ1959 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ይገኛል። መስታወት በውኃ ይረጥባል፤ በትንሹ ያዘነብላል። አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ሲቀመጥበት ባለበት ይቆማል። ያው ቆርቆሮ በብርድ ቀዝቅዞ ሲቀመጥ ግን ውስጡ ያለው አየር ቀስ በቀስ እየሞቀ ይስፋፋል፤ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል፤ ቆርቆሮውም ማንም ሳይነካው ይንሸራተታል። እኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቱንም ጊዜ እንደ ድንጋይ ተቸንክሮ ቀረ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቆርቆሮውን አንሥታ መስታወቱ ላይ ደፋችውና ዓይኗን ከጠርዙ ጋር አስተካክላ አየች። በአንድ በኩል ብርሃን ይገባል፤ ጠርዙ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ አየሩ በዚያ ሾልኮ ይወጣ ነበር። ሌላ ቆርቆሮ ተገኘ። በአራተኛው ሙከራ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጸጥ ብሎ ቆየና በድንገት ተነሣ፤ መስታወቱ ጫፍ ደርሶ ከንፈሩ ከጠርዙ ወጣ ሲል አየሩ አመለጠና ቀጥ አለ። ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ የተሰማው ጩኸት ከጎረቤት ክፍል መምህራንን አስመጥቶብናል። መስታወቱ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም እኩል እርጥብ ነበር፤ የተለወጠው ግፊቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዘይት ያነሣ አልነበረም።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብን ዴንቨር ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ፣ ከዴንቨር ከተማ አጠገብ የነበረው ሮኪ ማውንቴን አርሰናል የተባለ የጦር ኃይሉ የኬሚካል ማምረቻ ፍሳሹን የሚያስወግድበት 3,671 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። በማርች 1962 ፍሳሹ መግባት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ መንቀጥቀጥ ብዙም የማያውቀው አካባቢ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ በኖቬምበር 1965 ሁለቱን ነገሮች አያይዞ ለሕዝብ አቀረበ። ማስረጃው ለማንም የሚገባ ነበር፤ በየወሩ የገባውን የፍሳሽ መጠንና በየወሩ የተመዘገበውን የመንቀጥቀጥ ብዛት ጎን ለጎን አስቀመጠው።

እኛም የጊዜውን ቅደም ተከተል በረጅም ወረቀት ላይ ሣልነው፤ ፍሳሹ የገባበትን ጊዜ በሰማያዊ፣ መንቀጥቀጡ የበዛበትን በቀይ። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልቀበልም ብሎ ነበር። «አንድ ጊዜ መገጣጠም አጋጣሚ ሊሆን ይችላል» ይላል። ልክ ነው፤ ሳይንስም የሚፈልገው እንደዚህ ያለ ሰው ነው። ከሴፕቴምበር 1963 በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ፍሳሽ አልገባም፤ ቀዩ አነሰ። በ1965 ፍሳሹ በከፍተኛ ግፊት መግባት ሲጀምር ቀዩ ተከትሎ ወጣ። ልጁ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ ካየ በኋላ ጣቱን ከጫፉ ላይ አሳረፈ። «ጉድጓዱ በፌብሩዋሪ 1966 ሥራ አቆመ። ታዲያ ትልቁ መንቀጥቀጥ፣ መጠኑ ወደ 5 የሚጠጋው፣ ለምን በኦገስት 1967 መጣ?»

ጥያቄው ዓመቱን ሙሉ ከተጠየቁት ሁሉ ይበልጥብኛል። መልሱን በቃል ከመስጠት ይልቅ ሶፍት ወረቀት ዘርግተን አንድ ጠብታ ቀለም ጣልንበት። ማንጠባጠቢያው ተነሥቷል፤ ቀለሙ ግን እየሰፋ ይሄዳል። ከምድር ሥርም ግፊቱ ፓምፑ ስለቆመ አይቆምም፤ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ለወራትና ለዓመታት እየተስፋፋ ከጉድጓዱ ራቅ ያለ ስንጥቅ ላይ ሊደርስ ይችላል። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በዲሴምበር 2006 የታየውም ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ከምድር ሙቀት ኃይል ለማመንጨት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ውኃ ይገባ ነበር፤ ትናንሽ መንቀጥቀጦች ሲበዙ ሥራው ቆመ፤ መጠኑ 3.4 የሆነው ዋናው መንቀጥቀጥ የመጣው ከቆመ ከሰዓታት በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሲረዱ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ ትክክለኛ ድንጋጤ ነበር። ቧንቧ መዝጋት መሬቱን ወዲያው አያረጋጋውም።

ግድግዳው ላይ ላለው ጥያቄ ከሁሉ የጠራውን መልስ የሰጠችን ግን ሬንጅሊ ናት። በዚያው ኮሎራዶ ባለ የነዳጅ ማውጫ የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ከ1969 ጀምሮ ግፊቱን ሆን ብለው ከፍና ዝቅ አደረጉት። ግፊቱ ሲጨምር መንቀጥቀጡ በዛ፤ ሲቀነስ ቀነሰ። ያ ተጠራጣሪ ልጅ ይህን ካነበበ በኋላ በመዝገቡ ላይ «አሁን አምኛለሁ» ብሎ ቀን ጻፈበት።

ግድቦችን በሁለት ስብሰባ ጨረስናቸው፤ ጊዜ አጠረን። ሕንድ ውስጥ ኮይና ግድብ አጠገብ በዲሴምበር 1967 መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ከ170 በላይ ሰዎችን መግደሉን፣ የሐይቁ ክብደትም ሆነ ወደ ስንጥቁ የሚሰርገው ውኃ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል አይተናል። ሌላዋን የአሜሪካ ግዛት ኦክላሆማንም በአንድ ሳምንት ነው ያለፍነው። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ መጠኑ 3 የሚደርስ መንቀጥቀጥ ያይ የነበረው ግዛት በ2015 ወደ 900 የሚጠጉ መዝግቧል። ዋናው ምክንያት ከነዳጅ ጋር አብሮ የሚወጣውን ጨዋማ ውኃ መልሶ ወደ ጥልቅ ድንጋይ ማስገባት ነበር፤ የሚገባው መጠን እንዲቀነስ ሲታዘዝ ቁጥሩም ወረደ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክርክር አዘጋጀን። መነሻችን የኔዘርላንድስ ግሮኒንገን የጋዝ መስክ ነበር። እዚያ የሆነው ከዴንቨር ተቃራኒ ነው፤ አልተጨመረም፣ ወጣ። ከ1963 ጀምሮ ጋዝ ሲወጣ በ3 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋማ ድንጋይ ውስጣዊ ግፊቱን አጥቶ ተጨፈለቀ፤ ጭፍለቃው ከስንጥቆቹ ግራና ቀኝ እኩል ስላልሆነ ስንጥቆቹ ተንቀሳቀሱ። በ2012 የደረሰው ትልቁ መጠኑ 3.6 ብቻ ነበር። ነገር ግን ከምድር ገጽ ብዙም ያልራቀ መንቀጥቀጥ ቤት ይሰነጥቃል፤ ብዙ ሺህ ቤቶችም ተሰነጠቁ። የክርክሩ ጥያቄ «የተሰነጠቀ ቤት ያለው ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አለበት ወይስ ጋዙን ያወጣው አካል ምክንያቱ እኔ አይደለሁም ብሎ ማስረዳት አለበት?» የሚል ነበር። የኔዘርላንድስ ሕግ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ የማስረዳቱን ሸክም ወደ ሁለተኛው ወገን አዙሮታል። በክርክሩ ጠንካራ ነጥብ ከሁለቱም በኩል ቀርቧል፤ ዳኞቹም እኩል ፈርደዋል። እኔ ግን ሐሳቤን አልሸሽግም። የግፊቱ መዝገብ በእጁ ያለ አካልና በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ብቻ ያለው ሰው እኩል ተከራካሪዎች አይደሉም። ማውጣቱ በኦክቶበር 2023 ቆሟል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባሎቻችንን ከሁሉ ይበልጥ የነካቸው ፖሀንግ ነው። በደቡብ ኮሪያዋ ፖሀንግ ከምድር ሙቀት ኃይል ለማግኘት ከ4 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ውኃ ሲገባ ቆይቶ ኖቬምበር 15 ቀን 2017 መጠኑ 5.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በማግሥቱ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነበር። ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች የሚፈተኑበት ፈተና በመላ አገሪቱ በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ይህን ሳነብላቸው ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እርስዋና ጓደኞቿ በዚያው ወር ለራሳቸው ፈተና ይዘጋጁ ነበር። በ2019 መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን መንቀጥቀጡን የቀሰቀሰው ወደ ጉድጓዶቹ የገባው ውኃ መሆኑን አስታወቀ። ከዚያ በፊት፣ በኤፕሪል 2017፣ መጠኑ ከ3 በላይ የሆነ ትንሽ መንቀጥቀጥ ነበር፤ ሥራው ግን ቀጥሎ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችው ይህን ነው፤ «የኤፕሪሉን ሲያዩ ለምን አላቆሙም?» መልስ አልነበረኝም። በቁጥር ያለውን ልዩነት አብረን አሰላን፤ ከ3 ወደ 5 ሁለት ደረጃ ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ጉልበቱን ወደ 32 ጊዜ ያሳድጋል፣ ስለዚህ 1,000 ጊዜ ያህል። ቁጥሩን በሰሌዳው ላይ ጻፈችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

በዓመቱ መዝጊያ ዐውደ ርእይ ላይ የቆርቆሮው ሙከራ ለጎብኚዎች አሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቷል፤ የዴንቨሩ ወረቀትም ከመግቢያው እስከ መስኮቱ ተዘርግቶ ነበር። መስታወቱና ጠርዛቸው ያልጎደጎደ ሁለት ቆርቆሮዎች በላቦራቶሪው ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ፣ ወረቀቱም ተጠቅልሎ ከአጠገባቸው ይገኛሉ። ለሚመጣው ዓመት የተመረጠው የክበቡ ሰብሳቢ ያ ተጠራጣሪ ልጅ ነው። በጥልቅ ማዕድን ማውጫዎች ውስጥ የሚደርሰውን መንቀጥቀጥ እንጀምር ብሏል፤ ቅድመ ሁኔታም አለው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ጥያቄ እንዳይነሣ።