ለእትዬ፦ ስለ ሳሎኑ ሶፋ

ለውድ እህቴ፣

እትዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬና አባዬስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ አለ፣ ጤና አለ። ሜሪላንድ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። የድሬ ሙቀት ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አቦ፣ ናፈቀኝ!

የሳቢያኑ ቤት ማለቁን ስሰማ እልልታዬን አቀለጥኩት። የሳሎኑን ቪዲዮ ስንቴ እንዳየሁት! ከዚራ ተከራይተን ስንኖር እንግዳ በመጣ ቁጥር እኛ ልጆቹ ውጭ እንወጣ ነበር። አሁን ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ የሚወጣው ዘመድ ሁሉ ቢያርፍበት እንኳ ይበቃል። እግዜር የደስታ ቤት ያድርገው።

የላክሽልኝ የሶፋ ፎቶም ያምራል። ጥቁር ሌዘር፣ ኤል ሼፕ፣ ስድስት መቀመጫ፣ ሁሉም በኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ መሃሉ ላይ የኩባያ ማስቀመጫ ያለው። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ ብያለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። በስልክ ልነግርሽ ስል መስመሩ እየተቆራረጠ አልሆነልንም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ይህን ደብዳቤ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ። ለአባዬም አንብቢለት።

ሶፋውን ተዪው አልልሽም። ግዢው። ግን ከስድስቱ የሚዘረጉት ሁለቱ ብቻ ይሁኑ። በአንዱ ጫፍ ለአባዬ፣ በሌላው ጫፍ ለእማዬ። መሃል ያሉት ደህና ስፖንጅ ያላቸው፣ ዝም ብለው የሚቀመጡባቸው ይሁኑ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አሁን የምጠብቃቸው አዛውንት ቀናቸውን የሚያሳልፉት እንዲህ ባለ ሶፋ ላይ ነው። ከእጅ መደገፊያው ጎን በውስጥ በኩል ሁለት ቁልፎች አሉ። አንዱን ተጭኜ ስይዘው ሞተሩ በቀስታ እዝዝ ይላል። እግር ማሳረፊያው ይነሳል፣ ጀርባው ወደ ኋላ ይተኛል። እጄን ሳነሳ እዚያው ይቆማል። ያበጠ ቁርጭምጭሚታቸው ከፍ ብሎ ትንሽ ሲቆይ ሲቀልላቸው በዓይኔ አያለሁ። አባዬ ዕድሜውን በምድር ባቡር ጋራዥ ቆሞ የሠራ ሰው ነው። ማታ ማታ እግሩን በርጩማ ላይ ሲሰቅል ነው ትዝ የሚለኝ። ይህ ዕቃ ለእሱ ቅንጦት አይደለም። ይገባዋል። (እብጠቱ ከበፊቱ ከባሰ ግን ሶፋ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። እባክሽ ውሰጂው።)

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። ይህ ሶፋ ያስተኛል እንጂ ሰውን አያስነሳም። የእማዬ ጉልበት የሚቸገረው ስትነሳ ነው አይደል? መቀመጫውን ከነሰውየው ወደ ፊት እያዘነበለ የሚያስነሳ ወንበር አለ፤ እሱ ሌላ ዕቃ ነው፣ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ሶፋ ከሆነ ለእሷ የሚጠቅማት ከፍታው ነው። ከወለል እስከ መቀመጫው 48 ወይም 50 ሳንቲም ቢሆን፣ ስፖንጁም ጠንከር ቢል፣ እጇን ተደግፋ ትነሳለች። ዝቅ ያለና ለስላሳ ሶፋ ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል፤ እቤት ሲገባ ግን ሰው ይውጣል። ስለዚህ እማዬን ይዘሻት ሂጂ። አሥራ አምስት ደቂቃ ትቀመጥበት። ትነሳ፣ ትቀመጥ፣ ራሷ ቁልፉን ትጫን። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ባለፈው ክረምት እዚህ ማዕበል ነበርና መብራት ጠፋ። አዛውንቱ እግራቸውን ሰቅለው ጀርባቸውን አስተኝተው ነበር። ሶፋው እዚያው ደርቆ ቀረ። መጠባበቂያ ባትሪ ነበረው፣ ግን ለዓመታት ያየው ሰው የለም፣ ሞቷል። ሰውየው ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጋሉ፣ እግር ማሳረፊያው አይወርድም። እኔና የልጃቸው ባል በጎን በኩል አቅፈን አወጣናቸው። ክብደታቸውን ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ይህ መብራት በዓመት አንዴ ሁለቴ በሚጠፋበት አገር ነው። ድሬ ላይ አባዬ ብቻውን እቤት ሳለ እንዲህ ቢገጥመውስ?

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ በምን ይወርዳል? አንዳንዱ ቻርጅ የሚደረግ የባትሪ ሳጥን አለው፣ ከሶፋው ሥር ይቀመጣል። አንዳንዱ ትራንስፎርመሩ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን) ውስጥ ትንንሽ ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች የሚገቡበት ቦታ አለው፤ ያ አንዴ ለማውረድ ያህል ብቻ ነው። የሚሻለው የመጀመሪያው ነው። ባትሪው ከሌለ ሶፋውን አልፈልግም በይው። ካለም እዚያው ሱቅ ውስጥ ገመዱን አስነቅለሽ በባትሪ ብቻ አሠርተሽ እዪ።

ሁለተኛው የቮልት ነገር ነው። ይህን አባዬ ከሁላችን በላይ ይረዳዋል። ሞተሩ ራሱ የሚሠራው በዝቅተኛ ዲሲ ነው (ባትሪ እንደሚሰጠው ያለ ኤሌክትሪክ)፣ ብዙውን ጊዜ 29 ቮልት። ከሶኬቱ የሚመጣውን የሚቀይርለት ያው ትራንስፎርመር ነው፤ ትንሽ ጥቁር ሳጥን፣ የላፕቶፕ ቻርጀር ይመስላል። ጀርባው ላይ ትንንሽ ጽሑፍ አለ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ የእኛ 220 ላይ ስትሰኪው ወዲያው ይቃጠላል። እንደዚያ ከሆነ ሶፋውን መተው የለብሽም፣ ሳጥኑን ብቻ በ220 ማስቀየር ይቻላል። ግን የሚወጣው ቮልትና አምፔር አንድ ዓይነት መሆን አለበት፣ መሰኪያውም እንደዚሁ። የዚያን ጽሑፍ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ለቮልት መዋዠቁ ደግሞ ለፍሪጁ እንዳደረጋችሁት መከላከያ ይግባለት።

ስድስቱም የሚዘረጉ ቢሆኑ ምን እንደሚከተል አስቢው። ስድስት ሞተር፤ ጭንቅላቱና ወገቡም ለብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከዚያ በላይ። አንዱ ሞተር ሲበላሽ መለዋወጫው ድሬ ላይ ይገኛል? ሻጩ ራሱ ያመጣል? በስንት ጊዜ? ዋስትናውን በጽሑፍ ይስጥሽ። ለቆዳው፣ ለብረቱና ለሞተሩ የሚሰጠው ጊዜ የተለያየ ነው፣ የኤሌክትሪኩ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው።

ደግሞ የቁልቢ እንግዶቻችንን አስቢ። የሚዘረጋ መቀመጫ ላይ አንድ ሰው ጋደም ይላል እንጂ ሁለት ሦስቱ ላይ ተጋድሞ ማደር አይመችም፤ መሃሉ ክፍተት አለው፣ ጎኑ ይቆረቁራል። ዝም ያለው ሶፋ ላይ ግን ፍራሽ ሳትዘረጊ አንድ ሰው እንቅልፉን ይለጥጣል። የኩባያ ማስቀመጫ ያለውን ሳጥንም ተዪው። የሰው ቦታ ይበላል። እኛ ቤት ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚጫወተው።

ቆዳው ላይ እንምጣ። ሌዘር የተባለ ሁሉ ቆዳ አይደለም። የቆዳ ፍርፋሪ ፈጭተው በሙጫ ጨርቅ ላይ የሚለጥፉት አለ። ሲገዛ ያብለጨልጫል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ልክ እንደ ተቃጠለ ገላ ይላጣል። እዚህ ሰው ከቤቱ አውጥቶ መንገድ ዳር ከሚጥለው ሶፋ ብዙው እንዲህ የተላጠ ነው። ለማወቅ የመቀመጫውን ዚፕ ክፈቺና የቆዳውን ጀርባ እዪ። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ጀርባው ክር ክር የሚል፣ ጸጉራም ሆኖ እንደ ሱዊድ ጫማ ነው። የተሸመነ ጨርቅ ካየሽ ሰው ሠራሽ ነው ወይም የተለጠፈ ነው። ብዙ ሶፋ ደግሞ የምንቀመጥበትና የምንደገፍበት ብቻ ቆዳ ሆኖ ጎኑና ጀርባው ፕላስቲክ ነው። እሱ ምንም አይደለም፣ ዋጋውን ያወርዳል። ግን ሙሉ ቆዳ ነው ብሎ እንዳይሸጥልሽ።

ቀለሙን ጥቁር አታድርጊው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ፀሐይ በዚያ ሰፊ መስኮት ሲገባ ጥቁር ቆዳ ይግላል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እርጥብ ክንድ ይጣበቅበታል። ፈካ ያለ ቡናማ ይሻላል፣ አቧራውም እንደ ጥቁሩ አይጮህበትም። ከመስኮቱም ራቅ አድርጊው፣ መጋረጃም አይርሳሽ። እውነቱን ለመናገር ለድሬ ሙቀት ጨርቅ ሶፋ የበለጠ ይመቻል። ግን እማዬ ቆዳ ካለች ቆዳ ይሁን። ለቤቱ የደከመችው እሷ ናት። ቬንትሌተሩን ወደዚያ ማዞር ነው፣ መቀመጫው ላይም ስስ የጥጥ ጨርቅ ማልበስ። ያ ዘርፋማ ዳንቴሏ ግን በሚዘረጉት ላይ አይንጠልጠል፣ ብረቱ ውስጥ ይገባና ይበጣጠሳል።

ጽዳቱን ለእማዬ አደራ በይልኝ። በረኪና የለም! ኦሞም የለም፣ አልኮልም የለም። በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ብቻ፣ ከዚያ በደረቅ። በዓመት አንዴ ሁለቴ የቆዳ ማለስለሻ ይቀባ። እሱን እኔ ከዚህ እልካለሁ። ከሥሩ ያለውን ብረት በብሩሽ አቧራውን ታራግፉለታላችሁ። ዘይት አታድርጉበት፣ አሸዋውን ይሰበስባል።

ልኩን ደግሞ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሥሪው። ይህን ሳታደርጊ እንዳትገዢ። ሳሎኑ 7 ሜትር በ5 ሜትር ነው ብለሽኛል። ኤል ሼፑ በሁለቱም በኩል ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል እንበል። ሲዘጋ ወደ ፊት የሚወጣው አንድ ሜትር ያህል ነው፣ ሲዘረጋ ግን 1 ሜትር ከ70 ሊደርስ ይችላል። ትክክለኛውን ከሻጩ ውሰጂ። ተዘርግቶ የሚደርስበትን ሥሪና እማዬ ረከቦቱን የምትዘረጋበትን ቦታ ጠይቂያት። ቀጤማው፣ ከሰሉ፣ ጀበናው፣ በርጩማዋ። የአባዬ እግር ከሰሉ አጠገብ የሚደርስ ከሆነ ኤሉን ወደ ሌላ ግድግዳ አዙሪው። ከግድግዳው መራቁንም አትርሺ። ጀርባው ወደ ኋላ የሚተኛው ዓይነት 30 ሳንቲም ያህል ይፈልጋል። ወደ ፊት እየተንሸራተተ የሚዘረጋ አለ፣ ለእሱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ይበቃል። ሶኬት የት የት እንዳለም እዪ። ሁለቱን ጫፎች ያልኩሽ ለዚህም ነው፣ ገመዱ ሰው በሚረማመድበት እንዳያልፍ።

ግራና ቀኙን ስታዢ ከሶፋው ፊት ለፊት ቆመሽ ነው የሚቆጠረው እንጂ ተቀምጠሽ አይደለም። ወረቀት ላይ ሥዕሉን ሥሪና ሻጩ ይፈርምበት። ቁርጥራጮቹ ተለያይተው ነው የሚመጡት፣ የሚዘረጋው ጀርባው ይነቀላል። ማዕዘኑ ግን ትልቅ ነው፣ የብረት በሩን ስፋት ለኪ። ለማኅበርና ለሠርግ ቦታ ስትፈልጉ ከመንጠቆው እያነሳችሁ መለያየት ትችላላችሁ።

ከዚህ ገዝተሽ በጅቡቲ ላኪ የሚለኝ ሰው በዝቷል። አልፈልግም። የመርከቡ፣ የጉምሩኩ፣ የመንገዱ ሲደመር ዋጋው ሌላ ይሆናል፣ ሲበላሽም የሚጠየቅ ሰው የለም። እዚያው ከታየና ከተሞከረ ሱቅ ይገዛ።

እንግዲህ አራት ነገር ላኪልኝ። የጠመኔውን ሥዕል ፎቶ፣ የጥቁሯን ሳጥን ጽሑፍ፣ የቆዳውን ጀርባ፣ እና እማዬ ተቀምጣበት ምን እንዳለች። እንደደረሰኝ ብሩን በማግስቱ አስገባለሁ። ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብለው ቢያጣድፉሽ አትስሚያቸው፣ ሶፋ ሞልቷል።

አባዬን የሳጥኑን ጽሑፍ መነጽሩን አድርጎ ራሱ እንዲያነበው በይው፣ ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የማምነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ቁልፉን እየተጫኑ እንዳይጫወቱ፣ ሲዘጋ ጣት ይይዛል።

እህትሽ