የጓሮ አትክልት ክበብ፦ ጓሮ የሌላቸው አትክልተኞች

የትምህርት ቤታችን ክበብ ስም የጓሮ አትክልት ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አባላት ጓሮ የላቸውም። ፒያሳና አራት ኪሎ መሃል የሚኖር ቤተሰብ ቢበዛ አንድ በረንዳ ወይም የግቢ ጥግ ነው ያለው። አንዳንድ ወላጆች፣ ባልደረቦቼም ጭምር፣ "ልጆቹ አፈር ሲያቦኩ ይውላሉ" ይላሉ አሉ። አዎ፣ ያቦካሉ። ክፍል ውስጥ በሥዕል ያዩትን ሥር እዚህ ነቅለው ያዩታል።

መስከረም ምዝገባ፣ ጥቅምት የሥራ ክፍፍል ነበር። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። ኅዳር ላይ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖችን አፋቸውን ቆርጠን፣ ውሃ እንዳያቁሩ ታቻቸውን በጋለ ሚስማር በሳን። (መብሳቱ የኔና የጥበቃ ሠራተኛችን ድርሻ ነው፤ ልጆች አይጠጉም።) ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ ሞላን። ብስባሹ የመምህራን ሻይ ቤት የቡና አተላ፣ የድንች ልጣጭና ደረቅ ቅጠል ነው። ከዚያ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት ዘርተን አባላቱ ለየቤታቸውም ወሰዱ።

ጉለሌ እጽዋት ማዕከልም ሄደን ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር፣ እንጦጦን ተጠግቶ አየሩም ልዩ ነው። እኔ ግን የማልረሳው ሌላ ነው።

የካቲት ላይ የአባላትን ቤት ስንዞር ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ወጣን። የአምስተኛ ክፍል ተማሪያችን ካሮት አላድግ ብሏት ግራ ገብቷት ከርማለች። ለካስ የአራት ዓመት ወንድሟ ጠዋት ጠዋት እየነቀለ፣ አድጎ እንደሆነ አይቶ፣ መልሶ ይተክለው ኖሯል! ካሮት ደግሞ ሥሩ ሲነካ አይወድም። ችግኝ አፍልተን ከማዛወር ይልቅ ዘሩን እዚያው የምንዘራውም ለዚሁ ነው። የተረፉት ካሮቶች ሁለትና ሦስት እግር አውጥተዋል።

እሷ ግን አልተጣላችውም። ለብቻው አንድ ጀሪካን ሰጠችውና ከራሷ ቆስጣ አንድ እግር አዛወረችለት። "ቲቸር፣ ቆስጣ ቢነካም አይቀየምም" አለችኝ። ልክ ናት። ከዳር ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ብቻ ቢቀነጥሱ መሃሉ መልሶ ያወጣል። ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር ለሕፃን የራሱን ተክል መስጠት መጥቶልኝ አያውቅም። እናቷ ያንኑ ቆስጣ በድንች ሠርተው አበሉን። ትንሹ ልጅ ከጠረጴዛው ሳይርቅ "የኔን ነው የምትበሉት" እያለ ሲቆጣጠረን ዋለ። አሁን ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ለሕፃኑ የራሱ ቆስጣ ወይም ጎመን ይሰጠዋል። ካሮት ለታላላቆቹ ነው።

ያልተሳካም አለ። የሚያዝያ በረዶ የትምህርት ቤቱን ሰላጣ ወንፊት አድርጎት ሄደ። ጎመኑን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ወረረው፤ በሳሙና ውሃ እያጠብን ግማሹን አዳንን። ቤተሰቦቻቸው ከአካባቢው የተነሱ ጎበዝ አባላትንም አጥተናል።

ትልቁ ችግራችን ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ፣ የበጋውን ወራት በሁለት ባልዲና በሻይ ቤቱ የአትክልት እጣቢ ነው የተሻገርነው። የእግር ኳስ ክበብ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ይለብሳል። አልቀናንም፣ ማሊያውም ያምራል። እኛ የምንለምነው አንድ ሮቶና አንድ የውሃ ጎማ ነው። ክረምት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ የሚወርደው ዝናብ ዝም ብሎ ቦይ ይገባል። ሮቶ ቢኖረን እሱን ይዘን መስከረምን እንጀምር ነበር። በኋላም ውሃ በመጣ ቀን እንሞላዋለን። የወላጅ መምህር ኅብረት በቀጣዩ ስብሰባው ይህን አጀንዳ እንዲይዝልን በጽሑፍ ጠይቀናል።

እስከዚያው ባዶ የዘይት ጀሪካን ያላችሁ ወላጆች በር ላይ ለጥበቃ ስጡልን። ኬሚካል የነበረበት ግን ይቅርብን።